እንቅልፍ ያጣው ሌባ
ስለ ዊልኪ ኮሊንስ «የጨረቃ ድንጋይ» የቀረበ ሒሳዊ ጥናት

የወንጀል ምርመራን የሚተርኩ ልብ ወለድ ታሪኮች በብዙ ሰዎች ዘንድ የተከበረ ስፍራ የላቸውም። መንገደኛ ጊዜውን የሚያሳልፍባቸው፥ ተማሪ ከትምህርቱ ሰዓት ሰርቆ የሚያነባቸው፥ አንብቦም ሲጨርስ የሚጥላቸው መጻሕፍት ተብለው ይቈጠራሉ። ይህ አስተያየት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ምሥጢራቸው ከታወቀ በኋላ ብዙዎቹ እንደ ተመጠጠ ሸንኮራ ናቸው። ዳሩ ግን ከእነዚሁ መጻሕፍት መካከል ምሥጢሩ ከታወቀ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ አንድ አለ፤ ይኸውም እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልኪ ኮሊንስ (1824–1889) የጻፈው «የጨረቃ ድንጋይ» ነው። በዚህ ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው የመጽሐፉ እውነተኛ ጥያቄ «ዕንቍውን ማን ሰረቀ» የሚለው አለመሆኑን ነው። እውነተኛው ጥያቄ፥ ሰው ስለ ገዛ ሥራው ምስክር ሊሆን ይችላልን የሚለው ነው። ይህንንም ምሥጢሩን ሳይገልጡ መናገር ስለማይቻል፥ መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው ቢፈልግ ይህን ጽሑፍ ለጊዜው ዘግቶ ወደ መጽሐፉ ይሂድ። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ በመጀመሪያ የወጣው ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው «ኦል ዘ ይር ራውንድ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ሲሆን፥ ከጃንዋሪ 4 ቀን 1868 እስከ ኦገስት 8 ቀን 1868 ድረስ በ32 ክፍል ተከታትሎ ታተመ። በዚያው ወራት የደራሲው እናት በሞት አልጋ ላይ ነበሩ፤ እርሱንም የሪህ በሽታ አልጋ ላይ ጥሎት ከድርሰቱ ከፊሉን ተኝቶ በቃሉ እየተናገረ ያስጽፍ ነበር። ለሕመሙ ማስታገሻ የሚወስደው መድኃኒት ላውዳነም ይባላል፤ ኦፒየም በአልኮል ተበጥብጦ የሚሠራ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ላውዳነም ማንም ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ የሚገዛው ነገር ነበር፤ ሽያጩ በተመዘገቡ የመድኃኒት ባለሙያዎች እጅ ብቻ እንዲሆን የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በዚያው በ1868 ነው። ስለዚህ ደራሲው ስለዚህ መድኃኒት የጻፈው በወሬ ሰምቶ አይደለም። እንቅልፍ በመድኃኒት የሚመጣለት ሰው የሌሊቱን ነገር በማለዳ እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውሰው፥ ወይም እንደማያስታውሰው፥ ከራሱ ያውቀዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1799 የእንግሊዝ ጦር በደቡብ ሕንድ የቲፑ ሱልጣንን ከተማ ስሪንጋፓታምን በያዘ ጊዜ፥ ጆን ሄርንካስል የተባለ መኰንን ዕንቍውን የሚጠብቁትን ሦስት ሕንዶች ገድሎ ለሕንዶች አምላክ የተቀደሰውን ቢጫ አልማዝ ይወስዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ሲሞት አልማዙን ለእኅቱ ልጅ ለወይዘሪት ራሔል ቬሪንደር በኑዛዜ ይተውላታል። ልጅቱ 18 ዓመት በሞላት ዕለት፥ ጁን 21 ቀን 1848፥ የአክስቷ ልጅ ፍራንክሊን ብሌክ አልማዙን ያስረክባታል፤ እርስዋም በዚያው ሌሊት በመኝታዋ አጠገብ ባለው ክፍል በሕንድ ቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሲነጋ አልማዙ የለም። ለምልክት የተገኘው ነገር፥ ብሌክና ራሔል አብረው ሲቀቡት በሰነበቱት በር ላይ ገና ያልደረቀው ቀለም በልብስ ጫፍ መታሸቱ ብቻ ነው። ቀለም የነካውን ልብስ ያገኘ ሌባውን አገኘ ማለት ነው።

በቤቱ አካባቢ ሦስት ሕንዶች በምትሐት አሳይነት ተመስለው ይዞራሉ፤ ከገረዶቹ አንዲቱ፥ ሮዛና ስፒርማን፥ ቀድሞ በሌብነት ታስራ የተፈታች ናት፤ ከለንደን የመጣው ዝነኛ መርማሪ ሳርጀንት ካፍ ደግሞ ከሌባ ይልቅ የጽጌረዳ አትክልት የሚወድ ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ በኋላ በመቶ መጻሕፍት ውስጥ የተመላለሱ ነገሮች ስለ ሆኑ ለዛሬ አንባቢ አዲስ አይመስሉት ይሆናል። የጠፋውም የሌሊት ልብስ ከአየር የመጣ አይደለም፤ በ1860 በእንግሊዝ አገር ሮድ በተባለ መንደር በተፈጸመው የሕፃን ግድያ ምርመራ ላይ አንድ የጠፋ የሌሊት ልብስ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሳርጀንት ካፍም ከፊሉ የዚያ ነገር መርማሪ ከነበረው ከጆናታን ዊቸር የተቀዳ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንምጣ። ሌባው ራሱ ፍራንክሊን ብሌክ ነው፤ ይህን ግን ከሁሉ በፊት የማያውቀው ራሱ ብሌክ ነው። ራሔል የሲጋራውን ሽታ ስላልወደደችለት ለፍቅርዋ ሲል ሲጋራውን በአንድ ጊዜ ተወ፤ ከዚያም እንቅልፍ አጣ። (ትምባሆ በድንገት የተወ ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣ ዛሬ ማንኛውም ሐኪም ይናገራል፤ ኮሊንስ ይህን በ1868 የታሪኩ ምሰሶ ማድረጉ አስተዋይነቱን ያሳያል።) በልደቱ ግብር ላይ ዶክተር ካንዲ የተባለው የሰፈሩ ሐኪም «መድኃኒት ውሰድና ተኛ» ሲለው፥ ብሌክ በሐኪሞች ሥራ ይቀልዳል፤ መድኃኒት መውሰድ በጨለማ መዳበስ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ሐኪሙ ተናደደ፤ ቂሙንም በቀልድ ለመወጣት 25 ሚኒም ላውዳነም በመጠጡ ውስጥ በስውር አስጨመረበት። ሚኒም አንድ ጠብታ ያህል የሚሆን የመድኃኒት ልክ ነው። ብሌክ አልማዙ እንዳይሰረቅ ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ውሎ ነበርና፥ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሲገባ ያው ጭንቀት ከአልጋው አስነሥቶ ወሰደው፤ አልማዙን ከመሳቢያው አውጥቶ ሄደ። በማለዳ ተነሥቶ «ደኅና ተኛሁ» አለ። ፖሊስ እንዲጠራ ከሁሉ የበለጠ የደከመውም እርሱ ነው።

ሐኪሙስ ለምን አልተናገረም? በዚያች ሌሊት ዝናብ መትቶት በትኩሳት ወደቀ፤ ከሞት ሲተርፍ አእምሮው ከሰውነቱ ጋር አልተመለሰም። እንግዲህ ኮሊንስ የነገሩን ቍልፍ በሁለት ሰዎች ራስ ውስጥ ካኖረው በኋላ የሁለቱንም ራስ ዘጋባቸው። አንዱን በመድኃኒት፥ ሁለተኛውን በትኩሳት። በተራ የምርመራ ልብ ወለድ ምሥጢሩን የሚሰውር ሰው ውሸታም ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ምሥጢሩን የሰወሩት ሁለቱ ሰዎች ሁለቱም እውነተኞች ናቸው።

ሦስተኛዋ ምስክር ራሔል ናት፤ ስለ እርስዋ ጥቂት ረዘም አድርገን መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱም ሐያስያን ስለ መርማሪው ስለ ካፍ ብዙ ጽፈው እርስዋን ኩርፈኛ ልጃገረድ ብለው ያልፏታል። ራሔል በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ከመኝታ ክፍልዋ በር ሆና ብሌክ ሻማ ይዞ ሲገባ፥ መሳቢያውን ሲከፍት፥ አልማዙን ሲያነሣ በዓይንዋ በብረቱ አይታዋለች። ደራሲው አንድ ትንሽ ነገር ጨምሯል፤ በክፍሉ ውስጥ መስተዋቶች ነበሩና ድርጊቱን ሁሉ የተመለከተችው ከመስተዋቶቹ በአንዱ ውስጥ ነው። ያየችው ነገር በሙሉ እውነት ነው፤ አንድም የጨመረችበት የለም። ሆኖም የደረሰችበት ፍርድ ፍጹም ስሕተት ነው። ብሌክ ዕዳ እንዳለበት ታውቅ ስለ ነበር፥ የምትወደው ሰው ለዕዳው ሲል ሰረቀኝ አለች። ከዚያ በኋላ እርሱን ላለማዋረድ አንድ ዓመት ሙሉ አፍዋን ዘጋች፤ በዚህም ዝምታዋ መርማሪው ካፍ ራስዋን በገዛ ዕንቍዋ ሌብነት እስከ መጠርጠር ደረሰ።

የአገራችን ባለ ሙግት «በዓይኔ አይቻለሁ» ካለ በኋላ የሚቀረው ነገር የለም፤ ዳኛውም ከዚህ የበለጠ ምስክር አይጠይቅም። ኮሊንስ የሚያሳየን ግን ዓይን እጅን ያያል እንጂ እጁን ያንቀሳቀሰውን አያይም የሚለውን ነገር ነው። ራሔል ያየችው ሰው ነቅቶ የቆመ፥ ዓይኑም የሚያበራ ሰው ነበር፤ የነቃው ግን ሰውየው አልነበረም። ሁለቱም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሆነው፥ አንደኛዋ ሁሉን አይታ አልገባትም፤ ሁለተኛው ሁሉን አድርጎ አላወቀም። መጽሐፉ ሕልምና ውን የተደባለቁበት ነው ሲባል ጭጋግና ጣር ሞት የሞላበት ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን የለበትም። የሆነው ሁሉ የሆነው በውን ነው፤ ሕልም የሆነው ትርጓሜው ነው።

ከሁሉ የበለጠው ትዕይንት የሚመጣው ከዓመት በኋላ ብሌክ ራሱ ሌባውን ሊፈልግ በተነሣ ጊዜ ነው። ገረዲቱ ሮዛና ብሌክን በልብዋ ትወደው ነበር፤ ቀለም የነካውንም የሌሊት ልብሱን አግኝታ፥ በባሕሩ ዳር «የሚንቀጠቀጠው አሸዋ» በተባለው ሁሉን በሚውጥ ስፍራ በቈርቈሮ ሣጥን ከትታ በሰንሰለት ቀበረችው፤ ራስዋንም በዚያው አሰጠመች። በተወችው ደብዳቤ መሪነት ብሌክ ሰንሰለቱን ስቦ ሣጥኑን ያወጣል፤ ልብሱን ይዘረጋል፤ ቀለሙን ያያል፤ የባለቤቱን ስም ሊያነብ ሲፈልግ የገዛ ስሙን ያገኛል። መርማሪ ወንጀለኛውን ሲከታተል ራሱን የሚያገኝበት ታሪክ ከግሪኮቹ ከሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲጶስ» ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን ኤዲጶስ ያደረገውን አድራጎት ያስታውሳል፤ የማያውቀው የገደለው ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ብሌክ አድራጎቱንም አያስታውስም። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ግን አሮጌውን ዓለም ከአዲሱ የሚለየው እርሱ ነው።

ስለ አተራረኩም አንድ ነገር መባል አለበት። ታሪኩን የሚነግረን አንድ ሰው አይደለም። የቤቱ አዛዥ ሽማግሌው ቤተሬጅ፥ መንፈሳዊት ነኝ ባይዋ ሚስ ክላክ፥ ጠበቃው ብራፍ፥ ብሌክ ራሱ፥ ሐኪሙ ኤዝራ ጄኒንግስ፥ ሳርጀንት ካፍና ሌሎችም ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ ለሁሉም የተሰጣቸው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ያየኸውን ብቻ ተናገር፥ ከዚያ በኋላ የሰማኸውን አትጨምር። ይህ ሥርዓት በአገራችን አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ ይባል ከነበረው የአደባባይ ምርመራ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሳይበተን ይቆይ ነበርና። ልዩነቱም ግልጽ ነው። በአውጫጪኝ የሚፈለገው አንድ የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ አፉን እንዲከፍት ነው፤ ከሕዝቡ መካከል አንዱ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። በኮሊንስ ጉባኤ ግን ሙሉውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ቤተሬጅ የሚያውቀው ከ«ሮቢንሰን ክሩሶ» መጽሐፉ ጋር አስማምቶ ነው፤ ችግር በደረሰበት ቍጥር ያንን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ይገልጣል። ሚስ ክላክ ሌላውን ሁሉ ስትወነጅል ያለ ፈቃድዋ ራስዋን ትገልጣለች። ይህች ሴት በመጀመሪያ ታስቃለች፤ ከሠላሳ ገጽ በኋላ ግን ትሰለቻለች፤ ደራሲው በሳምንት አንድ ክፍል የማስረከብ ግዴታ ስለ ነበረበት ሳያስረዝማት እንዳልቀረ እንጠረጥራለን።

ወደ ኤዝራ ጄኒንግስ ስንደርስ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ጄኒንግስ የዶክተር ካንዲ ረዳት ነው። ከእንግሊዝ ቅኝ አገሮች በአንዱ የተወለደ፥ አባቱ እንግሊዛዊ፥ የእናቱን ነገር ግን ጀምሮ የሚያቋርጠው፥ መልኩ ጠይም፥ ጠጕሩ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ፥ ባልሠራው በደል ስሙ የጠፋ፥ በማይድን የውስጥ ደዌ የሚሠቃይና ሥቃዩን በኦፒየም የሚያስታግስ ሰው ነው። ኦፒየሙ ሕመሙን ቢያስታግስለትም ሌሊቱን በአስፈሪ ሕልም ይሞላበታል። የጌታው የዶክተር ካንዲ አእምሮ በትኩሳት በተበተነ ጊዜ፥ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚቃዠውን ቃል ሁሉ ጽፎ ያዘ፤ ቃሎቹ የተቈራረጡ ነበሩና በመካከላቸው ባዶ ስፍራ እየተወ ጻፋቸው፤ ኋላም ባዶውን እየሞላ አንድ የሚነበብ ነገር አወጣ። ነገሩን የፈታው መርማሪው ካፍ ሳይሆን የበሽተኛን ቅዠት ማንበብ የተማረው ይህ የተናቀ ሰው ነው። በዚህ ቦታ ኮሊንስ ከዘመኑ እጅግ ቀድሞ ሄዷል፤ የቅዠትና የሕልም ቃል ትርጕም ያለው ነገር ነው የሚለው ትምህርት በቪየና ዝና ያገኘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

ከዚያም ጄኒንግስ ፈተናውን ያቅዳል። ብሌክ ሲጋራውን እንደ ገና ይተው፤ እንደ ገና እንቅልፍ ይጣ፤ ቤቱ ባለፈው ዓመት እንደ ነበረ ይሰናዳ፤ መድኃኒቱን እንደ ገና ይውሰድ፤ ያን ጊዜ ያደረገውን ይደግመዋል። ለዚህም በዘመኑ የነበሩትን እውነተኛ ሐኪሞች፥ ካርፔንተርንና ኤሊዮትሰንን፥ ምስክር ይጠራል፤ ሰክሮ ሳለ ዕቃ ያለ ስፍራው ያስረከበ አንድ አየርላንዳዊ ተሸካሚ ሲበርድለት ረስቶት፥ እንደ ገና ሲሰክር አስታወሰው የሚል ነገር ያቀርባል። ቤተሬጅ በዚህ ሁሉ ቅር ብሎት፥ በጓዳውና በአዳራሹ የነበረው ዕቃ ሁሉ ይመለስ ከተባለ ቆዳው ተሞልቶ የቆመው ወፍ ተሰብሯልና ኀላፊነቱን አልወስድም እያለ የሚከራከረው ከመጽሐፉ ቀልዶች ሁሉ የተሻለው ነው።

በዚህ ላይ የእኛን አገር ሌባሻ ያላስታወሰ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። በቀድሞ ጊዜ ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ወደ ሌባሻው ይሄድ ነበር፤ ሌባሻውም ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶና ጢስ አስቦ ሲያሰክረው፥ ልጁ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ሌባሻው ልጁን በታሰረበት መታጠቂያ ይዞ ይከተለዋል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ሲነቃ ስላደረገው ነገር ተጠያቂ አልነበረም። ይህ ልማድ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል፤ መቅረቱም መልካም ነው፤ ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ መንገድ እንደ ተዘረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን የጄኒንግስ ፈተና ከሌባሻ በምን ይለያል? በሁለቱም ሌባ የሚፈለገው መድኃኒት በጠጣና ራሱን በማያውቅ ሰው እግር ነው። አንደኛው ልዩነት የሌባሻው ልጅ ሌላውን ሲከስ ብሌክ የሚከሰው ራሱን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጄኒንግስ ሰዓቱንና የመድኃኒቱን ልክ ጽፎ መያዙ፥ የማያምኑትን ሰዎችም ጠበቃውን ብራፍንና ቤተሬጅን ምስክር አድርጎ ማስቀመጡ ነው። ይህ ሁለተኛው እውነተኛ ልዩነት ነው። ሆኖም ደራሲው ራሱ ነገሩን ከዚህ ቀለል አድርጎ እንድናየው አይፈቅድም፤ በመጽሐፉ መጀመሪያ ሦስቱ ሕንዶች በአንድ ትንሽ ልጅ መዳፍ ላይ ቀለም የመሰለ ፈሳሽ አፍስሰው «እንግሊዛዊው ይመጣልን?» ብለው ይጠይቁታል፤ የቤቱ ሰዎችም ይህን የምትሐተኛ ጨዋታ ይሉታል። ያው የተናቀው ነገር በመጽሐፉ መጨረሻ በሐኪም እጅ፥ በሰዓትና በማስታወሻ ደብተር ታጅቦ ሲመጣ ዕውቀት ይባላል። ኮሊንስ ሁለቱን ሥዕሎች ያለ ምክንያት በሁለቱ ጫፍ አላቆማቸውም።

በፈተናው ሌሊት፥ በጁን 1849፥ ለብሌክ 40 ሚኒም ተሰጠው። ተነሣ፤ ሄደ፤ በአልማዙ ስፍራ የተቀመጠውን መስተዋት መሰል ድንጋይ ከመሳቢያው አነሣ፤ ከዚያም መድኃኒቱ አሸነፈውና ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ፤ ተኛ። እንግዲህ ፈተናው ብሌክ አልማዙን ሳያውቅ እንደ ወሰደ አስረዳ፤ ወዴት እንዳደረሰው ግን አላስረዳም። የቀረው የተገኘው በሌላ መንገድ ነው፤ አልማዙን ለአራጣ አበዳሪው ሉከር ያስያዘው የበጎ አድራጎት ማኅበራት አፈ ጉባኤ፥ መልከ መልካሙ ጎድፍሬይ ኤብልዋይት ነበር። በአደራ የተሰጠውን የሌላ ሰው 20,000 ፓውንድ አጥፍቶ ሳለ፥ ብሌክ በዚያች ሌሊት በመድኃኒት ሰክሮ «ይህን ወደ አባትህ ባንክ ውሰደው» ብሎ አልማዙን በእጁ ሰጠው።

የመጽሐፉን ትልቁን ጕድለት እዚህ ላይ እናያለን፤ ወይም ትልቁን ተንኰል። ብሌክ አልማዙን የወሰደው ሊያተርፈው አስቦ እንደ ሆነ የምናውቀው ከማን ነው? ጎድፍሬይ ለሉከር ነገረው፤ ሉከር ለካፍ ነገረው፤ ካፍ ጽፎ ለብሌክ ሰጠው። የጀግናው ንጽሕና የቆመው አንድ ሌባ ለአንድ አራጣ አበዳሪ በተናገረው ቃል ላይ ነው፤ ሌባውም በዚያን ጊዜ በአንድ የለንደን ማደሪያ ቤት በመርከበኛ ልብስ እንደ ተሸፈነ ታፍኖ ሞቷል። «የሰማኸውን አትናገር» ብሎ የጀመረው መጽሐፍ የመጨረሻውን እውነት በሦስት አፍ ካለፈ ወሬ ተቀበለ። ጠበቃው ብራፍ በሌላው ስፍራ ሁሉ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ይጥለው ነበር። በእርግጥ ራሔል ማስረጃ አላስፈለጋትም፤ ፈተናው ሳይደረግ፥ ገና ነገሩን በደብዳቤ ስትሰማ፥ አምናለች። ፍቅር ለሚያምን ሰው ይህ በቂ ነው፤ ለዳኛ ግን አይበቃም። ደራሲው ይህን አውቆ ትቶት እንደ ሆነ ወይስ ሕመሙ አዘንግቶት እንደ ሆነ መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ እኛ ወደ መጀመሪያው እናደላለን።

ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ሌላ ተቃውሞ ያነሣሉ። ኦፒየም ሰውን ያስተኛል እንጂ እንዲህ ያለ ዓላማ ያለው ሥራ አያሠራም፤ ቢያሠራም በዓመቱ ቃል በቃል አይደገምም ይላሉ። የሁለተኛው ተቃውሞ ኀይል ትልቅ ነው፤ ኮሊንስም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ፈተናው ግማሽ መንገድ ሄዶ እንዲቆም ያደረገው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው ግን እንደ ድሮው አይጸናም። በአሜሪካ የመድኃኒት ቍጥጥር መሥሪያ ቤት በ2019 ዞልፒደምና እርሱን በመሰሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ላይ ከሁሉ የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል፤ እነዚህን ወስደው በእንቅልፍ ልባቸው የተነሡ፥ የሄዱ፥ መኪና የነዱ፥ ሲነጋም ምንም የማያስታውሱ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው። የአየርላንዳዊው ተሸካሚ ነገርም ተረት ሆኖ አልቀረም። በ1975 በታተመ ጥናት ጠላቂ ዋናተኞች በውኃ ውስጥ ያጠኑትን ቃል ከየብስ ይልቅ በውኃ ውስጥ ሲሆኑ አሻሽለው እንዳስታወሱት ተገልጿል፤ ማስታወስ ከነበርንበት ሁኔታ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ዛሬ የታወቀ የሥነ ልቡና ትምህርት ነው። ሆኖም ድርሰትን በላቦራቶሪ ሚዛን ብቻ መመዘን ትክክል አይደለም፤ ይህን የምንጽፈው ተቃውሞው ስለ ተነሣ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ዕንቍው ራሱ። አብዛኞቹ አንባቢዎች የመጽሐፉን የሕንድ ክፍል እንደ ጌጥ ይቈጥሩታል፤ ሦስቱን ሕንዶችም አስፈሪ ገጸ ባሕርያት አድርገው ያልፏቸዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በእንግሊዝ ቤት ውስጥ «ሌባው ማን ነው?» እየተባለ አራት መቶ ገጽ ሲፈለግ፥ መልሱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ሌባው ከ1799 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ መኰንን ነበረ፤ የቤቱም ዘመድ ነበረ። ብሌክ ሳያውቅ ሌባ የሆነበት ምክንያት አስቀድሞ የተሰረቀ ዕቃ በአደራ ስለ ተቀበለ ነው። ቤቱ በሙሉ ሌብነቱን ረስቶ የሚተኛ ቤት ነው፤ በአንድ ሌሊት አንድ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ የተረሳው ነገር ተነሥቶ በኮሪደሩ ሄደ ማለት ነው። በ1850 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሙርትዌይት በካቲያዋር በሶምናት ቤተ መቅደስ አልማዙን በአምላኩ ግንባር ላይ ተመልሶ ሲያየው፥ ደራሲው ይህን መጨረሻ በደስታ እንጂ በጸጸት አይጽፈውም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የታሪኩ አሥራ አምስተኛ ክፍል ለለንደን አንባቢዎች የወጣው ቅዳሜ ኤፕሪል 11 ቀን 1868 ነው። በሁለተኛው ቀን፥ ሰኞ ኤፕሪል 13፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ከቦምቤይ የተነሣው የሰር ሮበርት ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት፥ ዘውዶች፥ ጽዋዎችና ታቦታት በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጡ። ኮሊንስ ስለ መቅደላ አልጻፈም፤ የእርሱ ምሳሌ ስሪንጋፓታም ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉን ስለ እኛ እንደ ተጻፈ ማንበብ አይገባም። ነገር ግን በዚያ ጸደይ ወራት አንድ የለንደን ቤተሰብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መጽሔቱንና ጋዜጣውን አኑሮ፥ በአንዱ ስለ ተዘረፈው የሕንድ ዕንቍ ሲጨነቅ፥ በሌላው ስለ መቅደላ ድል ሲደሰት ማሰብ አያስቸግርም። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ተመልሷል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር በ2019 ወደ አገሩ ገብቷል። አሥራ አንድ ታቦታት ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ማንም እንዳያያቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። የተቀደሱ መሆናቸው ስለ ታመነ አይታዩም፤ ቢታመንም አልተመለሱም።

ስለ ጄኒንግስ አንድ ነገር ቀርቶናል። ይህ ሰው ስለ አእምሮና ስለ ሥርዐተ ነርቭ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲጽፍ ኖሮ ነበር፤ ሳይጨርሰው ደዌው ቀደመው። ከማስታወሻ ደብተሩ ስለ ብሌክ የጻፈውን ገጽ ብቻ ቀድዶ ሰጠ፤ የቀረው ሁሉ፥ ያላለቀው መጽሐፉም ጭምር፥ ከእርሱ ጋር በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ እንዲቀበር፥ በመቃብሩም ላይ ስም እንዳይጻፍ ለመነ። ዶክተር ካንዲም እንደ ለመነው አደረገለት።